ሱሪ የሚለካው ቆመው ነው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አለፍኩ! ያውም በመጀመሪያው ፈተና፣ ያውም በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ ያውም ከኔ በፊት የገቡት ሁለት ጎረምሶች ወድቀው እያለ። እንደምን ዋልክ ደብተሬ። ሰላምታውን አስቀድሜ ወሬውን ማስከተል ነበረብኝ፤ ግን ከፈተናው ሜዳ እስከ ቤት ድረስ አፌን ይዤ ነው የመጣሁት። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴትዮ ብቻ ነው የነገርኳት። እሺ፣ ለረዳቱም ነግሬዋለሁ።

ፈታኙ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ወደ ኋላ እየነዳሁ በሁለቱ እንጨቶች መሃል ስገባ ትንፋሹን ሲይዝ ሰማሁት። የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ጠርዝ ይዤ ቀጥ ብዬ ስሄድ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው አልኩት። አልሳቀም። ፈረመ ግን።

ለባለቤቴ ሁለት ወር ሙሉ ደብቄው ነበር። ጨርቅ ልገዛ ነው እያልኩ ነበር የምወጣው፤ ያን ያህል ጨርቅ ብገዛ ኖሮ ሰፈሩን በሙሉ አለብሰው ነበር። እሱ ሠላሳ ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቶ፣ አንድ ዶሮ እንኳ ሳይገጭ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ላስተምርሽ ቢለኝ ትዳራችን ከመጀመሪያው መታጠፊያ አያልፍም ብዬ ፈራሁ።

ዛሬ እራት ላይ ወረቀቱን ከሳህኑ በስተግራ አስቀምጬ ጠበቅኩት። በልቶ ጨረሰ፤ አላየውም። እጁን ይዤ ባስነካው ጊዜ ነው ያነሳው። አነበበው። ደግሞ አነበበው። «ጎበዝ» አለና ተነስቶ ግቢ ወጣ። ደስታ እንዲህ ነው፣ ቃል ያሳጣል። ሰማያዊዋ መኪናችን አጠገብ ቆሞ ኮፈኗን ሲደባብስ በመስኮት አየሁት። ከነሐሴ ጀምሮ አላወጣትም፣ የመንገዱ ግርግር አንጀቴን ያቃጥለዋል እያለ። አሁን ሾፌር አገኘች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

በምሳ ሰዓት፣ በጥድፊያ። ጠዋት ስነሳ ሰማያዊዋ በግንድ ላይ ተሰቅላለች። የፊት ጎማዎቿ ከአጥሩ ሥር ተጋድመዋል። ቡሾቿ አልቀዋል አለኝ። በዚህ ሁኔታ እጄ ላይ ከምትወድቅ ሳትነዳ ብትቆይ ይሻላል ብሎ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ፈታት። ለኔ ሲል! ሌላ ሴት አበባ ነው የሚሰጧት።

በሁለት ቀን ያልቃል ብሏል። ደንበኛ መጣች፣ ቀሚሷን ልለካ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ቡሽ ማለት ምን እንደሆነ አሁን አውቄያለሁ፤ ባላውቅ ይሻለኝ ነበር። የፊት ጎማውን የሚሸከም ብራቾ የሚባል ብረት አለ፤ የሰው ክንድ በለው። ያ ክንድ ከመኪናው አካል ጋር በሚጋጠምበት ቀዳዳ ውስጥ አንዲት ቱቦ ትገባለች፤ ከውጭ ብረት፣ ከውስጥ ብረት፣ መሃሏ ጎማ። እሷ ናት ቡሽ። ጎማው ካረጀ መኪናዋ ትንኳኳለች፣ መሪው ይዋልላል። አራት ናቸው። የቀዳዳው ስፋትና የቡሿ ውፍረት እኩል ለእኩል ስለሆነ በጉልበት ካልሆነ አትገባም። አንገቱ የጠበበ ሹራብ ለሕፃን እንደ ማልበስ ነው፤ ልዩነቱ ሕፃኑ ቢያንስ ያለቅሳል።

የባለቤቴ ታላቅ እህት መጥታ ነበር። እኔና ልጄ በስውር ራዲዮ ነው የምንላት፤ ሰፈሩ ውስጥ የሆነውን ታውቃለች፣ ያልሆነውንም ቀድማ ታውቃለች። እስከ ነሐሴ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የሚወስዳት እሱ ነበር። ዛሬም በእግሯ ሄዳ መጥታ፣ ዘንቢሏን ደጃፌ ላይ አራግፋ፣ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«አንቺ ማክሰኞ መንጃ ፈቃድ አወጣሽ፣ እሱ ረቡዕ መኪናዋን ሰቀላት» አለችኝ። «እኔ ምንም አላልኩም።»

ምንም ሳትል ይኸን ያህል ከተናገረች፣ ስትናገር ምን ልትል ነው? ወንድሟ ቁልፍ የሚሰስት ሰው አይደለም አልኳት። እሷም ይሁንልሽ እቴ ብላ ሄደች፤ በሩ ላይ ቆም ብላ የግራውን ፓራፋንጎ በጣቷ ዳበሰችው። ሐምሌ ላይ የግቢው በር ጨረፈው። በሩ ጠባብ ነው። ሃያ ዓመት እየወጣንበት ጠባብ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሁለት ቀን የተባለው አሥረኛ ቀኑን ያዘ። ዛሬ አሮጌዎቹ ቡሾች ወጡ፣ እንዴት እንደወጡ ግን አይነሳ። ጎማውን በእሳት አቃጠለው፤ ጥቁር ጭስ የተሰጣ ልብሴን ሁሉ አጠበልኝ። የሙሽራ ሚዜ ቀሚስ ነበር፣ ነጭ። የነበረ።

ከሰዓት አዲሶቹን ሊያስገባ ገባ። ብራቾውን ሞርሳ በሚባለው የብረት መንከሻ ውስጥ አጠበቀው፣ ቡሿን በሞተር ዘይት አራሳት፣ መታት። ዘወር አለች። እንደገና መታት። በሌላ በኩል ዘወር አለች። መዶሻው ከጎኑ ተቀምጦ መዶሻው የት አለ እያለ ይጠይቀኛል። ከግራህ ነው እለዋለሁ፤ ብርሃኑ ነው ይላል። እውነትም ያ መጋዘን አምፖሉ ደካማ ነው። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ ትልቁን አምፖል ወስጄ ለልብስ ስፌት መኪናዬ አደረግኩት። ሰውዬው በጨለማ እየሠራ እኔ መቼ ያልቃል እያልኩ እጨቀጭቀዋለሁ። ነገ አምፖሉን እመልስለታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አምፖሉ ተመለሰ። መዶሻው አሁንም ይጠፋል።

ቡሿ ደግሞ አበጠች። ሦስት ቀን በዘይት ተነክራ ጎማው እንደ ራሰ ብስኩት ተነፋ። በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ዶክተር ወሰድኳት። ዶክተር የምንለው በጥጉ ላይ ያለውን መካኒክ ነው፤ ዘመናዊ መኪና አይነካም፣ የሚያክመው አሮጊት ብቻ ነው። አሽትቷት ሳቀ። ዘይት ጎማ ይበላል፣ ይኸን ደግሞ እርስዎ ባያውቁ ጋሼ ያውቃል አለኝ።

ቤት መጥቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። ለካ፣ አለ። ለካ ብቻ። ሠላሳ ዓመት ለመኪና ኖሮ ለካ። ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚያውቀውንም ጥሎ ይወጣል ማለት ነው። አንጀቴን በላው። እኔ ጡረታ ስወጣ ቁልፍ መትከል እረሳለሁ?

እሁድ፣ ጥቅምት 23

ገባች! ሁለቱ ገቡ! እኔ ነኝ ያስገባኋቸው!

ቀስ በዪ። እንዲህ ነው። ወፍራም ሸራ ስሰፋ መርፌዋ አልገባም ስትለኝ ሳሙና እቀባታለሁ፤ ከእናቴ የተማርኩት ነው። ጎማስ ከሸራ በምን ይሻላል ብዬ ነገርኩት። አይ፣ ይኼ ልብስ አይደለም አለ። አውቃለሁ፣ ልብስ ቢሆንማ አልቆ ነበር አልኩት። መዶሻውን አስቀመጠ፤ ለኔ ይኼ እሺ ማለት ነው። አዲስ ቡሾች አስመጥተን ነበርና ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ ከሥጋው ጎን አሳደርኳቸው፤ ብረት ሲቀዘቅዝ እንደሚኮማተር አሥረኛ ክፍል ነው የተማርነው፣ ለአንድ ቀን ይጠቅማል ብሎ ማን አስቦ! ብራቾውን ደግሞ በፈላ ውሃ አሞቅኩት። የሰሃን ሳሙና በውሃ በጥብጬ ቀባሁ። በአንድ በኩል ቡሿ፣ በሌላ በኩል ከእሷ ሰፋ ያለ የቱቦ ቁራጭ፣ ሁለቱንም ሞርሳው ነከሳቸው። እጀታውን ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ልክ እንደ እጅጌ ናት፤ ዙሪያዋን እኩል ካልያዝክ ታኮርፋለች። እኩል ስትይዛት ግን እንዲህ ስልል ብላ ገባች፣ ጥፍር እንኳ የማታስገባ።

ባለቤቴ ከአጠገቤ ቆሞ ነበር። ዞሬ ሳየው ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ይመስላል። ቀናብኝ መሰለኝ። ምስኪን።

ማታ ልጄ ደወለች፣ ከምትሠራበት ከተማ ቅዳሜ ኅዳር 20 ለእረፍት ትመጣለች። አባቷ ስልኩን ተቀብሎኝ፣ ከአውቶቡስ ተራ በሰማያዊዋ እቀበልሻለሁ አላት። እሷም በደስታ ጮኸች። ስልኩን ሲያስቀምጥ ከጠረጴዛው ጫፍ ውጭ አስቀመጠው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

በአጭሩ። ሦስተኛዋ ገባች። ባለቤቴ የግቢው ወንበር ላይ ተደናቀፈ፣ ማን እዚህ አስቀመጠው ብሎ ተቆጣ። ከተገዛ ጀምሮ እዚያው ነው። የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ትንሽ የጠብታ ብልቃጥ አገኘሁ። ምንድን ነው ብለው ለአቧራ ነው አለኝ። የብረት አቧራ ለዓይን መጥፎ ነው፣ ጠንቃቃ ሰው ነው። ጠዋትና ማታ ነው የሚጨምረው፣ ሳይሠራ በሚውልበት ቀንም።

እሁድ፣ ጥቅምት 30

አራቱም ገብተው ብራቾዎቹ ታሰሩ። ብሎኖቹን እሱ ራሱ አጠበቃቸው፣ በሁለት እጁ፣ ጅማቱ እስኪገተር። ጎማዎቿን ገጥመን ከግንዱ አወረድናት። ምን ሆና ወረደች መሰለህ? ውሃ የምትሻገር ሴት ቀሚሷን ሰብስባ እንደምትይዘው፣ ፊቷ ወደ ላይ ተሰብስቦ ቆመች። ኮፈኗ ላይ ተቀመጥኩ (አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደነበርኩት ቀጭን አይደለሁም)፤ ቂው የሚል ነገር ሰማሁና ወረድኩ። ሥሯ ገብቼ ሳይ የቡሾቹ ጎማ ተጠማዝዞ ሁለቱ ተተርትረዋል።

ያ ሁሉ ሳሙና።

ባለቤቴ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ለልጅቷ በታክሲ ትምጣ እንላታለን አለኝ። ቀለል ብሎት ነበር። ተስፋ ሲቆርጥ ሰው ይቀለዋል ይባላል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ዛሬ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ቁመት ስለካ ሰውዬው ደክሞኛል ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተነሣ፣ ሱሪ የሚለካው ቆመው ነው፣ ተቀምጠህ ከቆረጥኩልህ ስትቆም ይሸሻል አልኩት። ከዚያ መቀሱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እሷንስ ተሰቅላ እግሯ እንደተንጠለጠለ አይደለም ያጠበቅናት? ክብደቷ ሲያርፍባት እግሯ ይታጠፋል፤ የቡሿ ጎማ ግን በተንጠለጠለችበት ልክ ተቆልፏል። ይጠመዘዛል፣ ይቀደዳል። ሰውዬውን እዚያው ትቼ ወደ ዶክተር ሮጥኩ። ልክ ነዎት አለኝ። ብሎኑ እስኪበቃ ብቻ ይያዝ፣ መኪናዋ በጎማዋ ትቁም፣ ያኔ ነው የሚጠበቀው። ከዚያ ፊቱን አሸት አሸት አደረገና እንዲህ አለኝ፦

«እናት፣ ይኼን እኔን ያስተማረኝ ጋሼ ነው። የአውቶቡስ ጋራዥ ልጅ ሳለሁ፣ ተንጠልጥላ አጥብቄባት በጥፊ ነው የነገረኝ።»

ሰው ይረሳል አልኩት። እየሄድኩ ሌላም ነገር ሊለኝ ፈልጎ ነበር፤ ቸኩያለሁ አልኩ። አልቸኮልኩም ነበር። ሰውዬው ግን አሁንም ወንበሬ ላይ በአንድ እግር ሱሪ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ደረስኩ።

እሁድ፣ ኅዳር 7

ለባለቤቴ ስለ ዶክተር አልነገርኩትም። ስለ ሱሪው ብቻ ነገርኩት። አንቺ ሴት፣ አንድ ቀን ትገይኛለሽ አለኝ፣ እየሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

አዲስ ቡሽ አዝዣለሁ። እኔ ነኝ ነገር የምፈልገው። እሱ ይቅር ብሎ ነበር እኮ፣ ለምን አልተውኩትም? ራዲዮ የነገረችኝ ነገር ሆዴ ውስጥ ስላለ ነው። ቁልፉን ላለመስጠት ይሆን ብዬ አንድ ጊዜ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለት። ወረቀቱን ትራስ ሥር ነው የማስቀምጠው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ፣ እኔ ሁለቱንም ሆኛለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እሱ አይስክሬም እንኳ ሰፍሮ የማያውቅ ሰው ዛሬ ፍሪዘሩን ከፍቶ ቡሾቹን ያያቸዋል። ይቆጥራቸዋል። ይዘጋል። ደግሞ ይከፍታል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ደክሞኛል፣ ከሥራው ነው። ከሌላም ነው።

በጠዋት ጀመርን። ሁለቱን የተቀደዱትን አውጥተን አዲሶቹን በሳሙና አስገባን፣ ብሎኖቹን ላላ አድርገን ያዝን። ጎማዎቿን ገጠምን፣ በወፍራም ጣውላ ላይ አቆምናት፣ በሁለቱም በኩል ቆመን አነጠርናት፣ ክብደቷ እንዲያርፍ። ከዚያ እኔ ሥሯ ገባሁና አጠበቅኩ። እሱ መፍቻ ያቀብለኛል። አንድ ጊዜም አልተሳሳተም፣ የቱ ቁጥር ለየትኛው ብሎን እንደሆነ ሳልጠይቀው ያውቀዋል። የረሳ ሰው አይመስልም ነበር።

ስወጣ መሪው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሞተሩን አስነሣ፤ ስታጉረመርም ልቤ ዘለለ። የግቢውን በር ከፈትኩለት። አልተንቀሳቀሰም። ከነበርኩበት ተነስቼ በመስኮቱ በኩል መጥቼ ቆምኩ፣ በግራው፣ ክንዱን ልነካው በምችልበት ርቀት። ፊት ለፊቱን እያየ ነው። ስፖኪዮውን በጥፍሬ መታ መታ ሳደርግ ደንግጦ ዞረ።

ሞተሩን አጠፋ።

«በዚህ በኩል ያለው አይታየኝም» አለ። «ከነሐሴ በፊት ነው የጀመረው። የዓይን ግፊት ነው፣ ጠብታው ባለበት ያቆመዋል እንጂ አይመልሰውም። ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ እንዳትይዝ ብሎኛል።»

ዘይቱስ አልኩት።

«አውቄ ነው።»

ማጥበቁስ?

«እሱንም። ቁልፉን ልከለክልሽ አይደለም። እሷ ቆማ እስካለች ድረስ ለምን አትነዳም የሚለኝ ሰው የለም። ለልጅቷ ለምን ያን እንዳልኩ ግን አላውቅም። ከአፌ አመለጠኝ። ልጄ ነገ ትመጣለች እያልኩ ቡሾቹን ስቆጥር ነው የከረምኩት።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ስድስት ሳምንት ከመኪና ሥር ያንከባለለኝ፣ እጄ ሳሙና ሳሙና እንዲሸት ያደረገ ሰው ነው። ግን ሠላሳ ዓመት አንድ ዶሮ ያልገጨ ሰው፣ አንድ ሰው እንዳይገጭ ብሎ መኪናዋን ሰቅሎ ተቀመጠ፤ ያው ውሸቱ ነው እንጂ አሳቡ ትክክል ነበር። እኔስ? ወረቀቱን ከሳህኑ በስተግራ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የስልኩን፣ የወንበሩን፣ የብልቃጡን ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁሉንም ጽፌ አምፖል ቀየርኩ። እዚህ ላይ ምንም አላውቅም ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር። ተውኩት።

«ተሻገር» አልኩት።

ወደ ቀኙ ወንበር ተሻገረ። በዚያ ወንበር ተቀምጦ አያውቅም፤ የመስኮቱ ማውረጃ በዚያ በኩል እንደሚጠነክር እንኳ አያውቅም ነበር፣ ሃያ ዓመት እኔ ስታገለው ኖሬ።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ነዳሁ! ከግቢው ወጣሁ፣ በጠባቡ በር፣ ሳልጨርፍ። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ፍሬን በሌለበት በእግሩ እየረገጠ። ማርሽ ቀይሪ ይለኛል፣ ከመቀየሬ ግማሽ ሰከንድ በፊት። እስከ አደባባዩ ሄድን፤ አንዴም አልተንኳኳችም፣ መሪዋ እንደ ቅቤ። ምን ይሰማሃል ብለው፣ ቡሾቹ ጥሩ ተይዘዋል አለኝ። ከእሱ ይኸ ማለት ግጥም ነው።

ስንመለስ ራዲዮ በራችን ላይ ቆማ ነበር። እኔ መሪ ላይ፣ ወንድሟ ከጎኔ። አፏን ስትከፍት እሱ ቀደማት። ከመኪናው ወርዶ በሩን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ገበያ የምትወስድሽ እሷ ናት፣ እኔ በግራ በኩል አይታየኝም» አላት። ይኼ ሰው ለኔ ለመናገር ሦስት ወር ፈጅቶበታል፤ ለእሷ ግን ሞተሩ እንኳ ሳይጠፋ፣ ለሰፈሩ እንደምታወራው እያወቀ ተናገረ። እሷ ዘንቢሏን አቀፈች። የግራ ክንዱን ያዘችው፤ ወደ ቤት አስገባችው። ሻይ ጠጣች፣ ለእሱም ራሷ ቀዳችለት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

አራት ቀን ሆነ፣ ሰፈሩ ውስጥ ወሬው የለም። ጠይቄያለሁ፣ በዘዴ። ራዲዮ ለማንም አልተናገረችም። ይኼ ከመንጃ ፈቃዱ ይበልጣል።

ልጄ ደወለች። አባቷ ስልኩን ወስዶ ወደ ጓዳ ገባና ለብቻው ነገራት። ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲወጣ እናትሽ ናት የምትመጣው ብያታለሁ፣ እኔ ከጎን እቀመጣለሁ አለኝ። እሷስ ምን አለችህ ብለው፣ እማዬ ፈጥና እንዳትነዳ ተቆጣጠራት አለችኝ አለ። በሷ ብሶ!

እንግዲህ ቅዳሜ በአራት ሰዓት አውቶቡስ ተራ ነኝ፣ በሰማያዊዋ። በማግስቱ ግን ሁሉም እኛ ግቢ ነው የሚመጣው። ዶክተር ከነሚስቱ፣ ራዲዮ ከወዳጆቿ ጋር፣ በአንድ እግር ሱሪ ያስቀመጥኩት ሰውዬ፣ ቀሚሷ የጠቆረባት ሚዜ (አዲስ ሰፍቼላታለሁ)፣ ያንን የማይስቅ ፈታኝም ራሴ ሄጄ ጠርቼዋለሁ። ባለቤቴ ስለ ዓይኑ ከጠየቁት ይናገራል፤ ካልጠየቁትም ይናገራል መሰለኝ፣ ለምዶበታል። በጥሪው ወረቀት ላይ እንዲህ ጽፌያለሁ፦ እሁድ፣ ኅዳር 21፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ። ሩቅ ያላችሁ ደውሉልኝ፣ መጥቼ እወስዳችኋለሁ።